አጥር ላይ የተደፋችው ጣሳ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ታዲያ ያኔውኑ አትናገርም ነበር?» ብላችሁ እንዳትቆጡኝ ነው። ውሻ እፈራለሁ። በሬ እፈራለሁ። ያልፈላ ውኃ እፈራለሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን ሰው ዕቃ አንሥቶ «በሞቴ!» ሲለኝ እፈራለሁ፤ እንቢ ማለት አልችልማ።

ከአዲስ አበባ ወረታ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ስመደብ እናቴ የሻንጣዬን ግማሽ በኪኒን ሞላችው። «የአገሩን ውኃ እንዳትጠጣ፣ የማታውቀው ቤት እንዳትገባ» አለችኝ። ሁለቱንም ጠበቅሁ። ኑሮዬ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ሆነ። ወረታን የከበበው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ለፈሪ የተሠራ አገር አይደለም። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውኃ ይሆናል፤ ክረምት ሲወጣ ሜዳው ከብት ይሆናል። ከብቱም ሣሩን ብቻ ግጦ ዝም አይልም፤ ቀና ብሎ ያያል። የፎገራ ላም ትክ ብላ ስታየኝ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» የምትለኝ ይመስለኛል፤ ስለዚህ መንገድ እቀይራለሁ።

እንዲህ ተሸሽጌ ስኖር ግምገማ መጣ። ያን ዘመን የኖረ ሰው ግምገማ ምን እንደሆነ ያውቃል። የሥራ ባልደረቦቻችሁ ከብበዋችሁ ይቀመጡና ስለ ራሳችሁ የማታውቁትን ይነግሯችኋል። ተራዬ ሲደርስ «ከኅብረተሰቡ ጋር አይቀላቀልም» ተባልሁ። አንዱማ «በኮዳ የፈላ ውኃ ይዞ ይዞራል፤ ይህ ሕዝቡን መጠራጠር ነው» ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ሰብሳቢው «ሂሱን ትቀበላለህ?» ሲሉኝ «እቀበላለሁ» አልሁ። እኔ ምን ቆርጦኝ አልቀበልም!

ጌታሁን የሚባል የሒሳብ መምህር አለ። ሐሙሲት ተወልዶ ያደገ፣ ሰውም ከብትም የማይፈራ ነው። ከስብሰባው ስንወጣ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ መቀላቀል ከፈለግህ ኪኒንህን ቤትህ ትተህ ቅዳሜ ጠላ ቤት እንሂድ።»

«እዚህ ከተማ ውስጥ?»

«ከተማ ውስጥማ ምን ጠላ አለ! ገጠር ነው እንጂ። እማማ ዘውዴ የሚባሉ ሴት አሉ። ጌሾው ከጓሯቸው ነው። ዳጉሳውን ከሩዝ ጋር ደባልቀው ሲጠምቁት፣ አንዴ ከቀመስኸው አዲስ አበባ ምን ነበረኝ ትላለህ። ንፍሮ አለ፣ ስልጆ አለ፣ ዕድል ከቀናህም ከጣና የመጣ ዓሣ አይጠፋም።»

«ቤቱን በምን አውቀዋለሁ?»

«ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄደህ በስተግራ ወደ ሩዙ ማሳ ትታጠፋለህ። ትልቅ ሾላ ታገኛለህ። ከሾላው ወዲያ፣ አጥሩ ላይ ጣሳ የተደፋበት ቤት ነው። ጣሳ ካየህ ግባ። እኔ ቀድሜ እጠብቅሃለሁ።»

አጥር ላይ የተደፋ ጣሳ «እዚህ ቤት የሚሸጥ ጠላ አለ» ማለት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ተነሣሁ። ሩዙ ታጭዶ አልቋል፤ ጭቃውም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሾላውን አገኘሁት። ካርታ ማንበብ የማስተምር ሰው ነኝና ኩራት ተሰማኝ። ከሾላው ወዲያ መጀመሪያ ባገኘሁት አጥር ላይ አንዲት ጣሳ ተደፍታለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ አጥር፣ በሌላው አጥር ላይ ሌላ ጣሳ ይኑር አይኑር ለማየት አንገቴን እንኳ አላቀናሁም። ዕለቱ የወሩ ስንተኛ ቀን እንደሆነም አላሰብሁም። ከሁለቱ አንዱን አስቤ ቢሆን ዛሬ የማወራችሁ አይኖረኝም ነበር።

የገባሁት በእግሬ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ውሻ ነው ያስገባኝ። ከግቢው ጥግ አንድ ግራጫ ውሻ ብድግ ሲል እኔ ቤቱ ውስጥ ነበርሁ።

«ኖር! ኖር!» እያለ የቤቱ ሰው ሁሉ ተነሣ። ጠላ ቤት ገብቼ እንዲህ ተነሥቶልኝ አያውቅም። እርግጥ ጠላ ቤት ገብቼም አላውቅም። «በእግዜር፣ በእግዜር» እያልሁ መደቡ ላይ ጠጋ ብለው በለቀቁልኝ ቦታ ተቀመጥሁ። ቤቱ ጨለም ያለ ነው። ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ጋቢ የለበሱ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን ተቀምጠው ይጠጣሉ፣ ይጫወታሉ። ጌታሁን ግን የለም። ይመጣል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ደልደል ያሉ ወይዘሮ ሳላዝዛቸው ጠላ ቀዱልኝ። ስማቸው ብርቄ እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት። ዋንጫው ላይ የጌሾ ስባሪ ይንሳፈፋል። እያየሁት የእናቴ ፊት መጣብኝ።

«ጠጣ እንጂ ልጄ! በሞቴ!»

ይኸው የፈራሁት መጣ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠጣሁ። በወይራ የታጠነ ዕቃ ሽታ አለው፤ መረር ብሎ ይገባና ጉሮሮ ላይ ይጣፍጣል። ጥሩ ነበር፤ ጥሩነቱ ራሱ አስፈራኝ። ገና ዋንጫውን ሳላስቀምጥ ሞሉልኝ። ዳቦ መጣ፣ ንፍሮ መጣ። ምን ዓይነት መስተንግዶ ነው! አልሁ በልቤ፤ አዲስ አበባ አንድ ሻይ ለማዘዝ እንኳ አስተናጋጅ ስንጠራ እንውላለን።

ዓሣው ትዝ ያለኝ ይኼን ጊዜ ነው። ወይዘሮዋ ወደ ጓዳ ገብተው ስለነበር በከተማው ልማድ እጄን ጨብ ጨብ አደረግሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ጠይም ሽማግሌ አዩኝና ፈገግ ብለው እሳቸውም ማጨብጨብ ጀመሩ። ቀጥለው በጎርናና ድምፅ ዜማ አወጡ። የቃሉ ምንነት ሳይገባኝ ቤቱ ሁሉ ተቀበላቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ምን ላድርግ፣ እያጨበጨብሁ ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ። አዝማሪ የማያሻው ጠላ ቤት! ግምገማው ላይ የነበሩት ሰዎች በመስኮት ቢያዩኝ ብዬ ተመኘሁ።

ዜማው ሲያልቅ ወይዘሮ ብርቄ አጠገቤ ደረሱ። «እናቴ፣ ዓሣ የለም?» አልኋቸው።

«ዓሣ?»

«ከጣና የመጣ።»

አንዱ ገበሬ «ዓሣማ በነቢያት ጾም ይበላል» አለ። ሌላው «የት አገር ነው የሚበላው?» ብሎ ተቆጣ። «የእኛ አባቶች በልተዋል!» «ያንተ አባቶች ምን ያልበሉት አለ!» ተባባሉ። ከምሰሶው ኋላ ጉሮሮ መጥረግ ተሰማ። ብቅ ሲሉ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ቄስ ናቸው። ክርክሩ በዚያው ቆመ። እኔም «ንፍሮው ይበቃኛል» ብዬ ላቤን ጠረግሁ። ካህን የሚገባበት ጠላ ቤት ቢሆን ነው እንዲህ የተከበረው፣ አልሁ። እስቲ አሁን ይህን ሳስብ «ምን ነካኝ?» አልልም ነበር?

ከዚያ ያቺን ማሰሮ አየኋት። ትንሽ፣ ጥቁር የሸክላ ማሰሮ ናት። ነጭ ጨርቅ ለብሳ ከፍ ባለ ቦታ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ለእኔ የሚቀዳልኝ ጠላ ደግሞ እየቀጠነ የመጣ መሰለኝ። ገባኝ አልሁ፤ ለእንግዳ ቅራሪውን፣ ለደንበኛ ያንን። ቅር አለኝ። ቄሱ ተነሡና ማሰሮዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ቤቱ መካከል ቆሙ። በሩ አጠገብ ወደ ተቀመጠች፣ ጥቁር ወደ ለበሰች ሴት አመሩ። ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ቄሱ ጠበቁ። እሷ አልተነሣችም። ቄሱ ወደ ሌሎቹ ዞሩ፤ ሌሎቹም አንገታቸውን ደፉ።

ይሉኝታ ነው አልሁ። የባላገር ነገር፤ ሁሉም ይፈልጋል፣ የሚደፍር የለም። እኔም በሕይወቴ ደፍሬ አላውቅምና ያን ቀን ለመድፈር ቆረጥሁ። ብድግ ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁና ማሰሮዋን ተቀበልሁ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ! ሴቶቹ ዘለሉ። ወንዶቹ እየመጡ ትከሻዬን ሳሙት። ጠይሙ ሽማግሌ እንባ በዓይናቸው ሞልቶ «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ። ቄሱም መስቀላቸውን አውጥተው «ሚካኤል ራሱ የመረጠህ ነህ። ያስጀመረህ ያስፈጽምህ» ሲሉ ጆሮዬ ጭው አለ።

ሚካኤል። ዕለቱ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ነው። ማኅበር ነው! ይህቺ በእጄ ያለችው ጽዋ ናት! እናቴም ማኅበር ነበራት፤ ድግሱ እኛ ቤት ሲሆን እኔን ጎረቤት ይልኩኝና ለዳቦው ብቻ ነው የምመለሰው። እንደዚያም ሆኖ ጽዋውን የተቀበለ ሰው በሚቀጥለው ወር ማኅበርተኛውን ሁሉ ቤቱ ጠርቶ እንደሚያበላና እንደሚያጠጣ አውቃለሁ። አጥር ላይ ያለችው ጣሳ ታጥባ እንድትደርቅ የተደፋች የቤት ጣሳ ናት። ጠይሙ ሽማግሌ ደጋሹ አያ ደሴ ናቸው። እኔ አጨብጭቤ ዓሣ ያዘዝኋቸው ሴት ደግሞ ባለቤታቸው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። «ጠላ ቤት መስሎኝ ነው» ብዬ ልናገር? ሚካኤልን ዘክረው ባበሉኝ ሰው ፊት፣ ቤትዎን መሸታ ቤት፣ ሚስትዎን ጠላ ሻጭ አድርጌብዎታለሁ ልበል? ዝም ልበል? ዝም ካልሁ እንቁላል እንኳ ቀቅዬ የማላውቅ ወንደላጤ በመልአኩ ስም ድግስ ገባሁ ማለት ነው። በዘዴ ለመውጣት ሞከርሁ።

«አያ ደሴ፣ እኔ እኮ ቤቴ ወረታ ነው። ይርቃችኋል።»

«ወረታ? ገበያችን አይደል እንዴ!»

«አንድ ክፍል ነው የተከራየሁት።»

«ሚካኤል ጠባብ ብሎ አይንቅም። ግቢው ይበቃናል።»

«ሚስት የለኝም!» አልሁ፣ የመጨረሻ ጥይቴን።

ወይዘሮ ብርቄ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ምን ቸገረህ ታዲያ? እስከ ድግሱ አንድ ወር አለ እኮ!» ሴቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ ማንሾካሾክ ጀመሩ።

«ደግሞስ ዕድልህ!» አሉ አያ ደሴ። «የእኛ በጾም ወደቀ። ያንተ የጥር ሚካኤል ነው፤ የጥምቀት ማግስት! ፍስክ ነው፤ በግ ታርዳለህ።» በግም እፈራለሁ።

ቄሱን ወደ ጓሮ ጠራኋቸው። «አባቴ፣ ለብቻዎ የምነግርዎ ነበረኝ።»

«ኃጢአት ነው?»

«ስሕተት ነው።»

«ዞሮ ዞሮ ያው ነው» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የንስሐ አባት አለህ?»

«የለኝም።»

«ይኸው ዛሬ አገኘህ። ለዓሣው ትሰግዳለህ። ስንት እንደሆነ አስቤ እነግርሃለሁ። አሁን ቀጥል።»

ልቀጥል አፌን ስከፍት «አባ! ጽዋው ይሸኝ እንጂ!» የሚል ጩኸት መጣና በረከታቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ። ስሕተቴን ልናገር ሄጄ የንስሐ አባትና ስግደት ይዤ ተመለስሁ።

በዜማና በእልልታ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ከፊት ቄሱ፣ ቀጥዬ እኔ ማሰሮዋን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ከኋላ ማኅበርተኛው። ላሞቹ እንኳ መንገድ ለቀቁልኝ። ከሚቀጥለው አጥር ጌታሁን ፊቱ በጠላ ወዝቶ ብቅ አለ። «የት ጠፋህ? እማማ ዘውዴ ቤት ስጠብቅህ...» ብሎ ሳይጨርስ ሰልፉን አየ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ከኋላ ተሰለፈ። አስፋልቱ ላይ ሰዎቹ ሲመለሱ ጉዴን ነገርሁት። በሳቅ ፈርሶ መንገድ ዳር ተቀመጠ።

«እመልስላቸዋለሁ» አልሁ። «ሄጄ እውነቱን ተናግሬ እመልሳለሁ።»

ሳቁን አቆመ። «ሚካኤልን? አንድ የማውቀው ሰው ጽዋ ተቀብሎ ሳይደግስ ቀርቷል።»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«እና ታዲያ?»

«እስካሁን እየጠበቀ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ወር አትጠይቁኝ። አከራዬ እትዬ አስካለ «ይዘህ ውጣ» ይሉኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ማሰሮዋን ሲያዩ ግን የበሩን ደፍ ተሳልመው እልል አሉ፤ ለካ ጽዋ ቤታቸው እንዲገባ ሲመኙ ኖረዋል። ፍየሎቻቸውን ሳይቀር ከግቢው አስወጡ። ጌታሁን ከመምህራኑ ጋር ተማክሮ በግ ጎትቶ መጣ፤ በጉ ደጃፌ ላይ ታስሮ ጠዋት ጠዋት ይጮኽብኛል። በገበያ ቀን ደግሞ ወይዘሮ ብርቄና ያቺ ጥቁር የለበሰች ሴት ጌሾና ዳጉሳ ተሸክመው ደረሱ። ሴትዮዋ እታጥሩ ትባላለች። ጋን አጠነች፣ ጌሾ ወቀጠች፣ ብቅል አስፈጨች፤ በየገበያው ቀን እየመጣች ቀና ሳትል ትሠራለች። እኔን ስታይ ደግሞ ጎንበስ ብላ «እግዜር ያክብርልኝ» ትለኛለች። ያ የሚስት ወሬ ትዝ አለኝና ደነገጥሁ። ይህቺን ነው እንዴ ያጩልኝ? እሷ ግቢ ውስጥ በዋለች ቁጥር እኔ የተማሪ ፈተና አርማለሁ እያልሁ ትምህርት ቤት እውል ጀመር።

የጥር ሚካኤል ደረሰ። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን ማኅበርተኛው በነጭ ልብስ ግቢያችንን ሞላው። ቄሱ ጸለዩ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ወጡ ወጣ፤ ጠላው ተቀዳ። አያ ደሴ አንዴ ጠጥተው ዓይናቸውን ጨፈኑና «ይህ ጠላ አይደለም፣ ምርቃት ነው» አሉ። ሁሉም መረቀኝ። «ሚካኤል የጠራህ!» «ሳትጠየቅ የተቀበልህ!» በተመረቅሁ ቁጥር የሰው እንጀራ በውሸት የበላሁ መሰለኝ። ጽዋውን ለሚቀጥለው ተረኛ አሳልፌ ከመስጠቴ በፊት ካልተናገርሁ በቀር መቼም እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አወቅሁ። ተነሣሁ።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ» አልሁ። «እኔ ያን ቀን ሚካኤል ጠርቶኝ አይደለም የመጣሁ። ጣሳውን አጥር ላይ አይቼ... የአያ ደሴን ቤት... ጠላ ቤት መስሎኝ ነው የገባሁ። ጽዋውንም የተቀበልሁት ጥሩው ጠላ መስሎኝ ነው። ይቅር በሉኝ።»

እትዬ አስካለ አፋቸውን ያዙ። የመሸሻዬን መንገድ በዓይኔ ስለካ ወይዘሮ ብርቄ ፍርፍር ብለው ሳቁ። ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ። ቄሱ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው የሚስቁት።

«ልጄ፣» አሉ አያ ደሴ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ገና ስታጨበጭብ አውቀናል እኮ። እኔ ዜማ ያወጣሁት እንዳታፍር ብዬ ነው።»

«ዓሣ ሲል ደግሞ!» አለ አንዱ፤ እንደገና ሳቁ።

ተናደድሁ። አንድ ወር ሙሉ የተሠቃየሁት፣ የሰገድሁት፣ የከሳሁት! «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ሳቁ ቀስ እያለ በረደ። ሰዎቹ ወደ ዋንጫቸው ጎነበሱ። ተቀመጥሁ። እታጥሩ እንስራውን ይዛ መጣችና ልትቀዳልኝ አጎነበሰች፤ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ተናገረች።

«ተራው የእኔ ነበር ወንድሜ። ባሌ በክረምት ሞተብኝ፤ የዘራሁትንም የርብ ወንዝ ሞልቶ ወሰደው። ጽዋውን ልቀበል፣ የምደግሰው የለኝ። አልቀበልም ልበል፣ ሚካኤልን እንዴት አልቀበልም እላለሁ? ማኅበርተኛው ቢቀበልልኝ ደግሞ በሰው ፊት ደኸየች ማለት ነው፤ እሱን ፈርተው ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስል፣ አንተ ተነሣህ።»

ዋንጫዬን እስከ አፉ ሞላችው።

«ቢሆንም» አልኋት፣ «ያኔውኑ ብትነግሩኝ...»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«ብንነግርህ ትሄድ ነበራ!»

እውነቷን ነው። እሄድ ነበር።